ባትሪውና ድንጋዩ

አማርኛ ተናጋሪ በእጁ ይዞ ጨለማን የሚገልጥበትን መሣሪያ «ባትሪ»፣ በሆዱ የሚገባውን የኃይል ምንጭ ደግሞ «ድንጋይ» ብሎ ይጠራል። ባትሪ የሚለው ቃል በመጣበት ቋንቋ መብራቱን ሳይሆን የኃይል ምንጩን የሚያመለክት በመሆኑ፣ አሰያየሙ ለመሐንዲስ ጆሮ የተገለበጠ ሊመስል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ዕቃውን በብርሃኑ ሳይሆን ኃይል በሚሰጠው ነገር መሰየሙ አምራቾች በካርቶን ላይ ከሚያትሙት ማስታወቂያ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነው። በዚህ ምዕራፍ የሚነጻጸሩት በኪስ ወይም በቀበቶ ተይዘው በየዕለቱ ከሰው ጋር የሚዞሩ ትናንሽ የኤልኢዲ ባትሪዎች ሲሆኑ፣ ንጽጽሩም የሚነሣው ከዚሁ አሰያየም ነው። አንዱ ባትሪ ከሌላው የሚበልጠው አስቀድሞ በድንጋዩ፣ ማለትም በምን እንደሚሠራ፣ ሲያልቅ ከየት እንደሚተካ ወይም በምን እንደሚሞላ ነው፤ የብርሃኑ ብዛት፣ ቅርጹና ውበቱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

የምዕራብ ጎጃም ከተሞች ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ደንበጫና ጅጋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10ኛውና በ11ኛው ዲግሪ መካከል ስለሚገኙ፣ የሌሊቱ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይለዋወጥም፤ አጭሩ ሌሊት 11 ሰዓት ከሩብ፣ ረጅሙ ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ፀሐይም በዚህ አካባቢ ወደ አድማስ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ፣ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። በሰሜን አውሮፓ የሚኖር ሰው በበጋው ወራት ባትሪውን ከመሳቢያ ሳያወጣ ሊከርም ሲችል፣ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ግን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በየምሽቱ ይፈልገዋል፤ የመስኖ ውኃ ተራው በእኩለ ሌሊት የደረሰው፣ በቆሎውን ከአሳማና ከጃርት ለመጠበቅ ማማ ላይ የሚያድረው፣ በረት ውስጥ የከብት ግርግር ሰምቶ የሚወጣው፣ ለሰዓታትና ለማኅሌት በሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገሠግሠው፣ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ሁሉ እግሩ የሚያርፍበትን ቦታ ማየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያሰለፈው ሲሆን፣ በሌሊት ለሚንቀሳቀስ የገጠር ሰው ዘወትር ከሚሰጡት ምክሮች ሁለቱ ጫማ ማድረግና ባትሪ መያዝ ናቸው፤ እፉኝት ከመንገድ ፈቀቅ የማትል፣ አብዛኛውን ጊዜ ስትረገጥ የምትነድፍ እባብ በመሆኗ ምክሩ ለቆላውና ለወይና ደጋው ጎጃም የተጻፈ ያህል ይስማማል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከከተማ ቤተሰቦች 93 በመቶ ያህሉ ኤሌክትሪክ ሲኖራቸው፣ ከገጠር ቤተሰቦች ግን ያገኙት 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በዚያ ክፍተት ውስጥ ለብዙ ዘመን ያበራው ኩራዝ ነው። የኩራዝ ዘመን ማብቂያ የሆነው ግን፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት፣ የመንግሥት መስመር ወይም የረድኤት ድርጅት ሶላር ብቻ አይደለም፤ ጉንተር ቤንሽ፣ ዮርግ ፒተርስና ማክሲሚሊያነ ዚቨርት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት እንዳመለከቱት፣ የአፍሪካ ገጠር ከላምባ ወደ ኤልኢዲ የተሻገረው በአብዛኛው ያለማንም ድጋፍ፣ ከገበያ በተገዛ ርካሽ የድንጋይ ባትሪ ነው። ይህን ያህል ትልቅ ለውጥ ያለ ሪባን ቆረጣና ያለ ንግግር መከናወኑ የሚገርም ነው።

ለውጡን የሚቻል ያደረገው የኤልኢዲ አሠራር አጭር ማብራሪያ ይፈልጋል። የዱሮው የእጅ ባትሪ፣ ዴቪድ ሚሰል የተባለው ፈልሳፊ እ.ኤ.አ. በ1899 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ ለመቶ ዓመት ያህል የተጠቀመው በአምፖል ነበር፤ በአምፖል ውስጥ ቀጭን የብረት ክር በኤሌክትሪክ ግሎ እስኪያበራ ድረስ ስለሚሞቅ፣ ከድንጋዩ የሚወጣው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ኤልኢዲ ወይም ብርሃን አመንጪ ዳዮድ ግን ክር የሌለው፣ ከሁለት ዓይነት ከፊል አስተላላፊ ቁሶች የተነባበረ ቅንጣት ሲሆን፣ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲወርዱ የሚለቁት ኃይል በቀጥታ ብርሃን ይሆናል። ቀዩ ኤልኢዲ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ቢታወቅም፣ ያለ ሰማያዊው ነጭ ብርሃን ማግኘት ስላልተቻለ ለባትሪ አልዋለም፤ ሰማያዊውን በጉልህ እንዲያበራ ያደረጉት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ነጭ ኤልኢዲ በእርግጥ ሰማያዊ ነው፤ ነጭ የሚመስለው በላዩ የተቀባው ፎስፈር የሚባል ቢጫ ዱቄት ከፊሉን ሰማያዊ ብርሃን ወደ ቢጫ ስለሚለውጠውና ሁለቱ ሲቀላቀሉ ዓይን ነጭ አድርጎ ስለሚያያቸው ነው። ጥሩ ኤልኢዲ ለአንድ ዋት ኃይል መቶና ከዚያ በላይ ሉመን ሲሰጥ፣ የዱሮው ትንሽ አምፖል ከአሥር ሉመን ብዙም አይዘልም ነበር።

ሉመን ማለት አንድ መብራት ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚያወጣው ጠቅላላ የብርሃን መጠን መለኪያ ሲሆን፣ አንድ ሻማ ወደ 12 ሉመን፣ 60 ዋት የቤት አምፖል ደግሞ ወደ 800 ሉመን ይሰጣል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የያዘ ሰው በባትሪ ማሸጊያ ላይ የሚታተመውን 10,000 ወይም 50,000 ሉመን ምን ያህል ማመን እንዳለበት ለመመዘን ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም፤ በመዳፍ ውስጥ የሚጠፋ ባትሪ ከደርዘን የቤት አምፖሎች በላይ አበራለሁ ሲል፣ ያን ያህል ኃይል ቢያወጣ ኖሮ በደቂቃዎች ውስጥ መያዣው እጅን ማቃጠል፣ ድንጋዩም ባዶ መሆን ነበረበት። ለዚህ ዓይነቱ ግነት መድኃኒት እንዲሆን የአሜሪካ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2009 ኤፍኤል 1 የተባለ የጋራ መለኪያ አውጥተዋል። በዚህ መለኪያ መሠረት ሉመን የሚለካው ባትሪው ከበራ ከ30 ሴኮንድ በኋላ ነው፤ የቆይታ ጊዜ የሚባለው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለው ሰዓት ነው፤ የርቀት ወሰን የሚባለው ደግሞ ብርሃኑ ሩብ ሉክስ ሆኖ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ሉክስ በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን የሚለካ ሲሆን፣ ሩብ ሉክስ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ሙሉ ጨረቃ ሜዳ ላይ የምታሳርፈው ብርሃን ያህል ነው። እንግዲህ «100 ሜትር ያበራል» የሚል ጽሑፍ በመቶ ሜትር ላይ በሬን ከላም ለመለየት ያስችላል ማለት ሳይሆን፣ እዚያ ቦታ ላይ ጨረቃ ወጥታለች ማለት ነው፤ በጨረቃ መንገድ መሄድ የለመደ ሰው ምን ያህል እንደሚታየው ከማንም በተሻለ ያውቃል።

ከሉመን ጎን ለጎን ካንዴላ የሚባል መለኪያ አለ፤ እርሱም ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደተሰበሰበ ያመለክታል። የካንዴላው ስኩዌር ሩት በሁለት ሲባዛ የርቀት ወሰኑን በሜትር ይሰጣል፤ 2,500 ካንዴላ 100 ሜትር፣ 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር ይሆናል። ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ካንዴላ ስለሚያስፈልግ፣ በማሸጊያው ላይ የሚነበበው ትልቅ ቁጥር በሜዳ ላይ የሚሰጠው ጥቅም ሁልጊዜ ከሚጠበቀው ያነሰ ነው። ያው 100 ሉመን በጥልቅ አንጸባራቂ ተሰብስቦ ማማ ላይ ላለ ጠባቂ የማሳውን ዳር ሊያሳየው፣ ወይም ተበትኖ አህያ ለሚጭን ሰው መላውን ግቢ ሊያበራለት ይችላል። የፊቱን መስተዋት ወደ ፊትና ወደ ኋላ በመግፋት ሁለቱንም አደርጋለሁ የሚለው ባለ ዙም ባትሪ በገበያው ተወዳጅ ቢሆንም፣ መስተዋቱ ወደ ፊት በተገፋ ጊዜ ከኤልኢዲው ወደ ጎን የሚወጣው ብርሃን በቱቦው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፤ በተንሸራታቹ ክፍተትም የበጋው አቧራና የክረምቱ ዝናብ ይገባል። ለኪስ የሚመረጠው መስተዋቱ የማይንቀሳቀስ፣ መሀሉ ደመቅ ብሎ ዙሪያው በለሆሳስ የሚበራ ባትሪ ነው።

ከብርሃን ብዛት በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ዓይን ራሱ ነው። የሰው ዓይን ከጨለማ ጋር ሙሉ በሙሉ ለመላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚፈጅበት ሲሆን፣ ይህ የተገኘ መላመድ በአንድ ደማቅ ብርሃን ብልጭታ ይጠፋል። ብርሃን እጥፍ በሆነ ቁጥርም ለዓይን እጥፍ ሆኖ አይታየውም፤ እጥፍ ደመቀ እንዲባል ወደ አራት እጥፍ መጨመር ያስፈልገዋል። ለእግር መንገድ ከ20 እስከ 50 ሉመን ስለሚበቃ፣ ዝቅተኛ እርከን የሌለው፣ ሲከፈት በሙሉ ኃይሉ ብቻ የሚጮህ ባትሪ ባለቤቱን ከክቡ ውጭ ላለው ነገር ሁሉ ያሳውረዋል፤ ድንጋዩንም በከንቱ ይጨርሳል። መንገድ ላይ ሰው ሲያጋጥም ብርሃኑን ወደ መሬት ማውረድም ከጨዋነት አልፎ የወገንን ዓይን መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንመለስ። በየመንደሩ ሱቅ የሚገኘው ትልቁ ድንጋይ በዓለም አቀፍ ስሙ አር 20 የሚባለው፣ ውፍረቱ 34፣ ቁመቱ 61 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነው ነው። ውስጡ ሲታይ ቆርቆሮው ራሱ ዚንክ ሲሆን፣ መሀሉ ላይ የካርቦን ዘንግ ቆሞ በዙሪያው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ የሚባል ጥቁር ዱቄት ተጠቅጥቋል፤ ዚንኩ እየተበላ ሲሄድ 1.5 ቮልት ያመነጫል። ነጭ ኤልኢዲ ግን ለመብራት 3 ቮልት ያህል ይፈልጋል። ባለ ሁለት ድንጋይና ባለ ሦስት ድንጋይ ባትሪ የተለመደው ለዚህ ነው፤ ሁለት ድንጋይ 3 ቮልት፣ ሦስት ድንጋይ 4.5 ቮልት ይሰጣልና፣ በሦስቱ ጊዜ ትርፉን ቮልት ተከላካይ የሚባል ትንሽ ክፍል ወደ ሙቀት ቀይሮ ያስቀረዋል። ዚንኩ እየተበላ ሲመጣ ቮልቱ ቀስ በቀስ ስለሚወርድ፣ ባለ ሁለት ድንጋዩ ርካሽ ባትሪ ድንጋዩ ውስጥ ገና ኃይል እያለ ይደበዝዛል። ባትሪ ውስጥ «የሞተ» የተባለ ድንጋይ ሬዲዮ ውስጥ ገብቶ ገና የሚሠራው፣ የሬዲዮው ፍላጎት ትንሽ፣ የኤልኢዲው ደግሞ ጠንካራ በመሆኑ ነው። ያለቀን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ለአንድ ምሽት ማስነሣትም ከንቱ ልማድ አይደለም፤ ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ ለውጥ ስለሚያፈጥነውና ደርቆ የነበረውን እርጥበት እንደገና ስለሚያዘዋውረው ጥቂት ኃይል ይመለሳል፤ ዳሩ ግን ዚንኩ ስለሳሳ በዚያው ጊዜ የመፍሰስ ዕድሉ ይጨምራል፣ የፈሰሰው ጨውም የባትሪውን ስፕሪንግ ይበላዋል።

ባለ ትልቁ ድንጋይ ባትሪ ለኪስ ሳይሆን ለትከሻ ማንጠልጠያ የተሠራ ነው። ለኪስ የሚሆነው በትንሹ ድንጋይ፣ ማለትም ለሪሞትና ለግድግዳ ሰዓት በሚውለው አር 6 የሚሠራው ነው። አንድ ትንሽ ድንጋይ ብቻውን 1.5 ቮልት ስለሚሰጥ፣ ባለ አንድ ድንጋይ የኤልኢዲ ባትሪ በውስጡ ቮልቱን ወደ 3 ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ሰርኪት ሊኖረው ግድ ነው፤ ይህ ሰርኪት ያለው ባትሪ ድንጋዩን እስከ መጨረሻው ጠብታ ይመጠዋል፤ ብርሃኑም አይወላውልም፤ ሲያልቅ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። አልካላይን የሚባለው የተሻለው ትንሽ ድንጋይ 2.5 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይዞ፣ 100 ሉመን ለሁለት ሰዓት ገደማ፣ 20 ሉመን ደግሞ አንድ ሌሊት ሙሉ ሊያበራ ይችላል። በማንኛውም የመንገድ ዳር ሱቅ የሚገኝ መሆኑ ደግሞ ትልቁ ብልጫው ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ሊቲየም አዮን የሚባለው ተሞልቶ የሚሠራ ድንጋይ ሲሆን፣ በጣም የተለመደው 18650 የሚል ቁጥር ያለው ነው፤ 18 ውፍረቱን፣ 65 ቁመቱን በሚሊ ሜትር፣ የመጨረሻው ዜሮ ክብነቱን ያመለክታል። አንዱ ብቻውን 3.6 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ ኤልኢዲን ለማብራት ጓደኛ አይሻም፤ እውነተኛው 3,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዘው 11 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ስላለው፣ 100 ሉመን ለአሥር ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ ይህም የጎጃምን ሌሊት ሊያዘልቅ ጥቂት የሚቀረው ነው። ችግሩ ውሸቱ ነው። የዚህ መጠን ድንጋይ ሊይዝ የሚችለው ከ3,500 እስከ 4,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ሆኖ ሳለ፣ 9,900 የሚል የታተመባቸው በየገበያው ይሸጣሉ። ሐሰተኛውን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ እውነተኛው 45 ግራምና ከዚያ በላይ ስለሚመዝን፣ የቅመም ሚዛን ላይ ተቀምጦ 30 ግራም የማይሞላው አብዛኛው ሆዱ ባዶ ነው። ሊቲየም ሲሞላ ከ4.2 ቮልት ማለፍ የለበትምና፣ በራሱ የማያቆም ርካሽ ቻርጀር ላይ ሰክቶ መተኛት አደጋ ነው። ልኩ እንደ ትንሹ ድንጋይ ሆኖ 14500 የሚል ቁጥር ያለው የሊቲየም ድንጋይም አለ፤ እርሱን ለ1.5 ቮልት በተሠራ ባትሪ ወይም ሬዲዮ ውስጥ ማስገባት ዕቃውን ማቃጠል ስለሆነ፣ ቁጥሩን ሳያነቡ መግዛት አይገባም።

አራተኛውን፣ በግድግዳ ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚሰካ መሰኪያ ከጀርባው የሚወጣለትን የፕላስቲክ ባትሪ ብዙ ሰው ዘመናዊ ነው ብሎ ይገዛዋል፤ በንጽጽሩ ግን መጨረሻ የሚቀመጠው እርሱ ነው። በአብዛኛዎቹ ውስጥ ያለው 4 ቮልት የእርሳስና የአሲድ ድንጋይ፣ የመኪና ባትሪ ታናሽ ወንድም፣ ባዶውን በተቀመጠ ቁጥር በእርሳሱ ላይ ሰልፌት የሚባል ክሪስታል እየተጋገረበት ኃይል መያዙን ያቆማል። መብራት በየቀኑ በሚገኝበት ቤት ለዓመት ያገለግል ይሆናል፤ መስመር ባልደረሰበት ወይም መብራት ለሳምንት በሚጠፋበት ቦታ ግን ሳይሞላ የሚቆየው ያው ባትሪ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞታል፤ ድንጋዩም ታሽጎ የተሠራ ስለሆነ አይቀየርም።

ከነዚህ ሁሉ ጋር የሚወዳደረው አምስተኛው ባትሪ ማንም ባትሪ ብሎ ያልገዛው ስልክ ነው። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ለገበያ ያቀረበውና በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው 1100 ሞዴል በአናቱ ላይ አንድ ኤልኢዲ ስለነበረው፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙ ባለ ቁልፍ ስልኮች መብራት ይዘው ተሠርተዋል። የስልክ ብርሃን ተበታትኖ የሚወጣ፣ ለጥቂት ሜትር ብቻ የሚደርስ ነው፤ በር ለመክፈት እንጂ ጅብ ከመንጋ ለማራቅ አይበቃም፤ በዝናብም ጊዜ ስልክን ከኪስ ማውጣት የሚወድ የለም። ይሁን እንጂ ስልኩ ሌላ ትልቅ ነገር አምጥቷል፤ መስመር ባልገባባቸው መንደሮች እንኳ ስልክ የሚሞላበት ሶላር ወይም ሱቅ እንዲኖር አድርጓል። እንግዲህ በስልክ ቻርጀር ገመድ የሚሞላ ባትሪ ሲገዛ፣ ባለቤቱ በአካባቢው አስቀድሞ የተዘረጋውን ይህን የኃይል መረብ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይወርሳል። የመሰኪያው ቀዳዳ በቤት ካለው የስልክ ገመድ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ በሱቅ ቆሞ ሊፈተሽ የሚገባ ነገር ነው።

የብርሃኑ ቀለም በማሸጊያ ላይ እምብዛም ባይነገርም ለቡሬና ለአካባቢዋ ልዩ ትርጉም አለው። የርካሽ ኤልኢዲ ብርሃን ሰማያዊ የበዛበትና ደማቅ ቀይ የጎደለበት በመሆኑ፣ ቀይ ነገር በእርሱ ሲታይ ቡናማ ወይም የጠወለገ ይመስላል። ባለሙያዎች አንድ ብርሃን ቀለማትን ምን ያህል በታማኝነት እንደሚያሳይ ከመቶ የሚለኩ ሲሆን፣ የአምፖል ብርሃን ወደ መቶ ሲጠጋ፣ የርካሽ ኤልኢዲ 70 አካባቢ ይቀራል፤ 90 እና ከዚያ በላይ የሚያገኙ ኤልኢዲዎች ግን አሉ። በርበሬ በቅላቱ በሚመዘንበት አገር፣ ገና ሳይነጋ የተጫነ ጆንያ በባትሪ ብርሃን ተከፍቶ ሲታይ፣ ሻጭ ደማቁን በርበሬ ያረጀ አስመስሎ በሚያሳይ ብርሃን ይከስራል፣ ገዢም ያረጀውን ከደማቁ መለየት ያቅተዋል። ቁስልንና የደም ፍሰትን በሌሊት ለሚመለከት የጤና ባለሙያም ጉዳዩ ከዋጋ በላይ ነው። ወደ ቢጫ የሚያደላው ሞቅ ያለ ብርሃን በሉመን ጥቂት ቢያንስም፣ ጭቃን ከውኃ፣ ቅጠልን ከእባብ ቆዳ በመለየት ይበልጣል።

በባትሪ ላይ ቀድሞ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ኤልኢዲው ሳይሆን ማብሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነ በኬንያ ከተሞች የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ርካሽ የኤልኢዲ ባትሪ ከገዙት ሰዎች አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ብልሽት ገጥሟቸዋል። በጎን የሚንሸራተተው የቀጭን ናስ ማብሪያ በዝናብ ይዝጋል፣ ይላላል፤ በጥፊ ካልተመታ አልበራም የሚል ባትሪ ሁሉ የዚህ ሕመምተኛ ነው። ከጭራው የሚጫን፣ በጎማ የተሸፈነ ማብሪያ የተሻለ ሲሆን፣ አይፒኤክስ 4 የሚል ምልክት ባትሪው የዝናብ ርጭት እንደሚችል፣ አይፒኤክስ 7 ደግሞ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ቢቆይ እንደማይገባበት ያመለክታል። የላህን ወይም የብርን ወንዝ በክረምት ለሚሻገር ሰው ሁለተኛው ቅንጦት አይደለም። በኪስ ውስጥ ራሱን የሚያበራ ባትሪ ካለ ደግሞ ክዳኑን ሩብ ዙር ማላላት ግንኙነቱን ያቋርጠዋል።

ያለቀ ድንጋይ የት ይጣላል የሚለው ጥያቄ ቀድሞ የተጠቀሱት እነ ቤንሽም በጥናታቸው ርዕስ ላይ ያነሡት ቢሆንም፣ በገጠር መልስ ያላገኘ ነው። ድንጋዩ ማሳ ዳር ይወድቃል፣ ልጆች የካርቦን ዘንጉን ያወጡበታል፣ ጥቁር ዱቄቱም በየገጠር ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ለማጥቆር ሲውል ኖሯል። ማንጋኒዝ ያለበት ይህ ዱቄት በትንፋሽ ሲገባ ስለሚጎዳ በደረቁ መፍጨቱ ቢቀር ይሻላል፤ የሊቲየሙ ድንጋይ ደግሞ በምንም ምክንያት ወደ እሳት ሊጣል አይገባም።

ፍርዱ እንግዲህ እንደ ቦታው ይለያያል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አስፋልት ዳር ለሚኖር፣ ወይም በመንደሩ ስልክ የሚሞላበት ሶላር ላለው ሰው፣ በ18650 የሚሠራ፣ በስልክ ገመድ የሚሞላ፣ ከ20 እስከ 50 ሉመን ዝቅተኛ እርከን ያለው ባትሪ ከሁሉ ይበልጣል። ከመንገድ ርቆ ለሚኖር ደግሞ ባለ አንድ ትንሽ ድንጋይ፣ ቮልት የሚያሳድግ ሰርኪት ያለው ባትሪ ይሻለዋል፤ የሚተካው ድንጋይ ሬዲዮና ሰዓት በሚሸጥበት ሁሉ ይገኛልና። ባለ ሁለት ትልቁ ድንጋይ ለማማና ለበረት እንጂ ለኪስ አይሆንም። ለሁሉም ግን አንድ ሁኔታ የጋራ ነው፤ ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ክዳኑን ከፍቶ ድንጋዩን ያውጣ፣ ቁጥሩን ያንብብ፣ ክብደቱን በእጁ ይመዝን፤ ድንጋዩ የማይወጣ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ባለበት ይተወው።